ጋርባ ከባዶ፦ የጉጃራትን የክብ ጭፈራ ለመማር የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

የህንድ ጭፈራ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ፊልሙ ነው። ዛፍ እየተዞረ፣ በመሀል ልብስ እየተቀየረ የሚጨፈረው። ያ የፊልም ሥራ ነው። ሕዝቡ በየሰፈሩ የሚጨፍረው ሌላ ነው፤ እሱም ከክልል ክልል ይለያያል። ፑንጃብ ባንግራ አለው፣ አሳም ቢሁ፣ ራጃስታን ጉማር። ጉጃራት ደግሞ ጋርባ አለው።

ከእነዚህ አንዱን መማር ለሚፈልግ ሰው እኔ ጋርባን እመርጥለታለሁ። ጋርባ መድረክ የለውም፣ ተመልካችም አይፈልግም። ክብ ይሠራና ይዞራል። አያት፣ የልጅ ልጅ፣ ከጎረቤት የመጣ እንግዳ፣ ሁሉም እዚያው ክብ ውስጥ ነው። ዱባይ፣ ለንደን፣ ሌስተር ወይም ኒው ጀርሲ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ከጉጃራት የመጣ የሥራ ባልደረባ አንድ ቀን መጋበዙ አይቀርም። ይህን የጻፍኩት ለዚያ ቀን ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። ጋርባ ላይ ጀማሪን የሚያጋልጠው እግር መሳሳት አይደለም። መቆም ነው። ክቡ ይሄዳል፣ እናንተም አብራችሁ መሄድ አለባችሁ። አንዱ ሲቆም ከኋላው ያሉት በሙሉ ይጋጫሉ። ስለዚህ እዚህ የምንማረው መጀመሪያ ጉዞውን፣ ቀጥሎ ጭብጨባውን ነው። ማሳመሩ መጨረሻ ይመጣል። ኢንተርኔት ላይ ያሉ ብዙ ቪዲዮዎች ይህን ገልብጠው ከሽክርክሪቱ ይጀምራሉ፤ ለዚህ ነው ሰው ቶሎ ተስፋ የሚቆርጠው።

የሚዞረው ምንድን ነው?

ጋርባ የናቭራትሪ ጭፈራ ነው። ናቭራትሪ ሂንዱዎች እናት የሚሏትን አምላክ ዘጠኝ ሌሊት የሚያከብሩበት በዓል ነው። ዱርጋም ይሏታል፣ አምባም ይሏታል። በዓሉ በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚሄድ ቀኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል። ብዙ ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። አንዳንድ ዓመት ከደመራ ጋር ይገጥማል።

የክቡ መሀል ባዶ አይደለም። በወጉ መሠረት መሀል ላይ ጎኑ የተበሳሳ የሸክላ ማሰሮ ይቀመጣል። ውስጡ መብራት አለ፤ ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ ይወጣል። ማሰሮው ማህፀን ነው፣ መብራቱ ደግሞ በውስጡ ያለው ሕይወት። አንዳንድ ቦታ በማሰሮው ፋንታ የአምላኳ ምስል ይቀመጣል። ሰው የሚዞረው ያንን ነው። በመሀል ሰንጥቆ ማለፍ ወይም ስልክ ይዞ መሀል ገብቶ መቅረጽ ነውር የሚሆነውም ለዚህ ነው። ዩኔስኮ ጋርባን በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ነው።

የሃይማኖት ነገር የሚያሳስባችሁ ካላችሁ በግልጽ ልናገር። ጋርባ ከጸሎት ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ ቦታ ምሽቱ የሚጀመረው አርቲ በሚባል የመብራት ጸሎት ነው። እንግዳ አርቲው ላይ ከኋላ በጸጥታ ቆሞ ጭፈራው ሲጀመር መግባት ይችላል፤ ማንም አይቀየምም። መግባት አለመግባቱን ግን እያንዳንዱ ሰው ከእምነቱ ጋር ይመክርበት። ሌላም አለ። ህንድ ውስጥ ከሂንዱ ውጪ ያለ ሰው እንዳይገባ የሚከለክሉ አዘጋጆች አሉ። ስለዚህ ብቻችሁን ከመሄድ ከጋባዥ ጋር ሂዱ።

አንደኛ፦ ጆሮ

እግራችሁን ከማንሳታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ስሙ። ጋርባን የሚነዳው ከበሮ ነው፤ ዶል ወይም ዶላክ። ከሱ ጋር ትንንሽ የናስ ጽናጽል፣ ሃርሞኒየም፣ በዘመኑ ደግሞ ኪቦርድ ይኖራል።

ሁለት ምት ብትለዩ ይበቃችኋል። አንዱ ሂንች ነው፤ ስድስት ቆጠራ አለው። "አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አራት-አምስት-ስድስት" ብላችሁ አንድ እና አራት ላይ ጠንከር አድርጉ። ሁለተኛው ካሄርቫ ነው፤ ስምንት ቆጠራ። እሱ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነው።

እዚህ ላይ እኛ ዕድለኞች ነን። ችክችካ የለመደ ጆሮ ሂንችን ለመያዝ አይቸገርም፤ ሁለቱም በስድስት የሚንከባለሉ ናቸው። አንድ ዓይነት ናቸው ማለቴ አይደለም፣ ከበሮው የሚያርፍበት ቦታ ይለያል። ግን ማወዛወዙን ሰውነታችሁ ያውቀዋል።

ለልምምድ የፋልጉኒ ፓታክን የናቭራትሪ ምሽቶች ፈልጉ። የሙምባይ ዘፋኝ ናት፤ ለብዙ ዓመታት በናቭራትሪ ሰፊ ሕዝብ ስታስጨፍር ኖራለች። ግን ስትጀምሩ ፈጣኑን ዝለሉት። ዘገም ያለውን መርጣችሁ በጭኖቻችሁ ላይ ምቱን እየመታችሁ ስሙ። እያወራችሁ ምቱ የማይጠፋባችሁ ከሆነ ተነሱ።

ሁለተኛ፦ ክቡን መራመድ

ሳሎን መሀል ወንበር አስቀምጡ። ማሰሮው እሱ ነው። ከሁለት እርምጃ በላይ ራቅ ብላችሁ ፊታችሁን ወደ ወንበሩ አድርጋችሁ ቁሙ። ጉዞው ወደ ቀኛችሁ ነው። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ክቡ ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ ይዞራል፤ አዲስ አበባ አደባባይ ላይ እንደሚዞረው መኪና።

አሁን ያለ ጭብጨባ ብቻ ተራመዱ። ጉልበት ትንሽ ዕጥፍ፣ እርምጃ አጭር፣ የሚያርፈው መጀመሪያ የእግር ፊት። አንድ ሙሉ ዘፈን ሳትቆሙ ዙሩ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ይህን የዘለለ ሰው በኋላ ሺህ ሰው ባለበት ሜዳ ላይ ሲገባ ቀኝ እና ግራው ይጠፋበታል።

ደግሞም ክቡ አንድ ላይሆን ይችላል። ሰው ሲበዛ ክብ በክብ ውስጥ ይሠራል። በልምድ ደህና የሆኑት ወደ መሀል፣ ጀማሪዎች ወደ ውጪ። የውጪው ክብ ዙሩ ሰፊ ስለሆነ ረዘም ያለ ይራመዳል፣ ግን ለመውጣትም ለመግባትም ይመቻል። የእናንተ ቦታ እሱ ነው።

ሦስተኛ፦ ሦስቱ ጭብጨባ

የጋርባ ሁሉ መሠረት ጭብጨባ ነው። ሁለት ጭብጨባ ያለው ቤ ታሊ ይባላል፣ ሦስት ያለው ትራን ታሊ። እኔ ከሦስቱ እንድትጀምሩ እመክራለሁ፤ ባዶው ቆጠራ አንድ ብቻ ስለሆነ እጅ አይጠፋም። አሠራሩ ከከተማ ከተማ፣ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። ከታች ያለው ቀለል ያለው ነው።

ቆጠራው አራት ነው። በሂንች ከሆነ እርምጃችሁ የሚያርፈው ጠንካራዎቹ ምቶች ላይ ነው።

አንድ፦ ቀኝ እግር ወደ መሀልና ወደ ቀኝ ሰያፍ ይሄዳል። ወገብ ትንሽ ዝቅ። እጆች ከጉልበት ከፍ ብሎ ይጨበጨባሉ።

ሁለት፦ ግራ እግር ይከተላል። ሁለተኛው ጭብጨባ፣ ሆድ አካባቢ።

ሦስት፦ ቀኝ እግር እንደገና። ሦስተኛው ጭብጨባ፣ ደረት ላይ። ሰውነት እዚህ ላይ ቀና ይላል።

አራት፦ ክብደታችሁ ወደ ኋላ፣ ግራ እግር ላይ ይመለሳል። ጭብጨባ የለም። እጆች ወደ ጎን ይከፈታሉ፣ ፊት ወደ ቀኝ ዞር ይላል።

ከዚያ እንደገና በቀኝ እግር። እያንዳንዱ ዙር ወደ መሀል ያስገባችኋል፣ ያስወጣችኋል፣ ትንሽም ወደ ቀኝ ያሻግራችኋል። ከላይ ሆናችሁ ብታዩት ክቡ ሲጠብና ሲሰፋ ይታያችኋል። የጋርባ ውበት በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

ሁለት የተለመዱ ስህተቶች አሉ። የመጀመሪያው አራተኛዋን ባዶ ቆጠራ መዝለል ነው። እጅ ሦስቴ ካጨበጨበ በኋላ መቸኮል ይፈልጋል። አፍ አውጥታችሁ "ክፈት!" በሉ፣ ይረዳል። ሁለተኛው ወደ መሀል ገብቶ እዚያው መቅረት ነው። ከጥቂት ዙር በኋላ ወንበሩ ጋ ከደረሳችሁ የመመለሻው እርምጃ አጥሯል ማለት ነው።

ቤ ታሊ ደግሞ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጭብጨባው ሁለት ይሆናል፣ የሚከፈተው ጊዜ ይረዝማል። ሦስቱን የያዘ ሰው ሁለቱን ከጎኑ ካለው አይቶ ይይዘዋል።

አራተኛ፦ ትከሻችሁን አሳርፉ

ይህች ክፍል ለእኛ ብቻ ናት። ከበሮ ሲሞቅ የእኛ ሰው ትከሻ ዝም አይልም። ጋርባ ላይ ግን ትከሻ ሥራ የለውም ማለት ይቻላል። የሚሠራው እግር፣ ወገብ እና ክንድ ነው። ክንዱ ከትከሻ ጀምሮ ሙሉውን ይወዛወዛል፤ ትከሻው ግን ዘና ብሎ ክንዱን ይከተላል እንጂ ለብቻው አይመታም። እስክስታ ብትጨምሩ ማንም አይከለክላችሁም፣ እንዲያውም ያጨበጭቡላችኋል። ችግሩ እስክስታ ባለበት ያቆማል፤ ክቡ ደግሞ አይጠብቅም።

መስታወት ፊት ቁሙና ሦስቱን ጭብጨባ ሥሩ። አገጭና ትከሻ መሀል ያለው ርቀት የማይቀየር ከሆነ ደህና ናችሁ።

አምስተኛ፦ ዶዲዩ እና ሽክርክሪቱ

ትልልቅ ሜዳዎች ላይ በብዛት የምታዩት ዶዲዩን ነው። በቀላል መልኩ ስድስት እርምጃ ነው። ሦስቱ ወደፊት፣ ሦስቱ ወደኋላ። በቀኝ-ግራ-ቀኝ እያጨበጨባችሁ ትሄዳላችሁ፣ በግራ-ቀኝ-ግራ እጅ እየከፈታችሁ ትመለሳላችሁ። የመመለሻውን ትንሽ ካሳጠራችሁት ክቡ ይጓዛል። ከዚህ የሚወጡ ረዣዥም ስልቶች ብዙ ናቸው። ወጣቶቹ በቡድን ሆነው ከወራት በፊት ይለማመዷቸዋል። እናንተ በመጀመሪያው ዓመት አትሞክሩት።

ሽክርክሪት የሚገባው በመመለሻው ላይ ነው። በሦስቱ የኋላ እርምጃዎች አንድ ሙሉ ዙር ዞሮ ፊትን ወደ መሀል መመለስ። ሚስጥሩ ዓይን ነው። መሀል ያለውን መብራት እስከምትችሉት ድረስ እያያችሁ፣ ከዚያ ጭንቅላትን ቶሎ አዙሮ እንደገና መብራቱን መፈለግ። ወለሉ ሸካራ ከሆነ በእግር ተረከዝ አትሽከርከሩ፤ ጉልበት ይጎዳል። በትንንሽ እርምጃ ተዟዟሩ።

ስድስተኛ፦ መቀበል

ጋርባ ዝም ብሎ አይጨፈርም። አውራጅ አንድ ስንኝ ያወጣል፣ ክቡ ይቀበላል። መቀበል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ቋንቋው ጉጃራቲ ስለሆነ ሙሉውን ማወቅ አይጠበቅባችሁም። የስንኙ መጨረሻ ላይ የምትደጋገመውን ቃል ብቻ ያዙ። በጥንቱ ዘፈን ላይ "ሬ" እና "ሎል" የሚሉ መዝጊያዎች አይጠፉም። እነሱን ጮክ ብላችሁ ካላችሁ ግማሹን ዘፈናችኋል።

ግጥሙ የሚያወራው ምን እንደሆነ ማወቅ ግን ጥሩ ነው። ብዙው አምላኳን ከተራራዋ ወርዳ አብራ እንድትጨፍር የሚጠራ ነው። ሸክላ ሠሪው ማሰሮ እንዲያመጣ፣ አንጥረኛው ጌጥ እንዲያዘጋጅ የሚጠይቅም አለ። ክሪሽና የሚባለውን የሂንዱ አምላክ የሚያሞግስ፣ ባልን የሚያሽሟጥጥ፣ አማትን የሚነካካም አይጠፋም። በቤት ውስጥ በሚደረግ ጋርባ ላይ ዕድሜ የጠገቡ ሴቶች ያለ ማይክ ሲያወርዱ ብትሰሙ፣ ከትልቁ የሜዳ ኮንሰርት ያንን ትመርጣላችሁ። እኔ እመርጣለሁ።

ሰባተኛ፦ ዳንዲያ

ዳንዲያ የጋርባ ዘመድ ነው፤ በዱላ የሚጨፈር። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ማታው ሲገፋ ነው። ዱላዎቹ ሁለት ናቸው፣ አንድ ክንድ ገደማ ርዝመት አላቸው፣ ከእንጨት ወይም ከቀርከሃ የሚሠሩ። አንዳንዶች የአምላኳ ሰይፎች ናቸው ይላሉ፤ ጎሽ መሳይ ከሆነው ጭራቅ፣ ከማሂሻሱራ ጋር ያደረገችው ውጊያ ማስታወሻ። ሌሎች ደግሞ ክሪሽና ከከብት ጠባቂ ልጃገረዶች ጋር ከጨፈረው ጋር ያገናኙታል።

አቋቋሙ ክብ ብቻ አይደለም። ሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማል፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ ጓደኛ ፊቱ አለው። የተለመደው ቆጠራ አምስት ነው። ቀኝ ዱላ ከጓደኛ ቀኝ ዱላ ጋር፤ ግራ ከግራ፤ ቀኝ ከቀኝ፤ ወደ ጎን ዞር ብሎ የራስን ሁለት ዱላ ማጋጨት፤ በመጨረሻ እንደገና ቀኝ ከቀኝ እና ማለፍ። ከዚያ ፊታችሁ አዲስ ሰው አለ። ሁለቱ ረድፎች በተቃራኒ አቅጣጫ ይሻገራሉ። ጫፍ ላይ የደረሰ ሰው ዞሮ የማዶውን ረድፍ ይቀላቀላል። አቅጣጫው ከጠፋባችሁ ከጎናችሁ ያለውን ተከተሉ።

ዱላውን ከታች በኩል ላላ አድርጋችሁ ያዙ። የሚገናኘው የላይኛው ጫፍ ነው። ኃይል አያስፈልግም፣ ድምፁ "ቀጭ" ካለ በቂ ነው። ጣት የሚመታው አጥብቆ የያዘ እና ወደ ታች የሚመታ ሰው ነው። ስልት ቢጠፋባችሁ ዱላችሁን አቁማችሁ ያዙ፣ ጓደኛችሁ ራሱ መጥቶ ይመታዋል። ሲያልፍ ፈገግ በሉ።

ልብስ

ሴቶች ቻኒያ ቾሊ ይለብሳሉ። ሰፊ ቀሚስ፣ አጭር ሸሚዝ እና ነጠላ መሰል መደረቢያ። በካች አውራጃ ጥልፍ የተሠራው ትንንሽ መስታወት አለው፤ መብራት ሲመታው ያብለጨልጫል። ወንዶች ኬዲዩ የሚባል ከደረት በታች የተሸበሸበ እጀ ጠባብ ያደርጋሉ። እንግዳ ግን የመግዛት ግዴታ የለበትም። ደማቅ፣ ጉልበት የማይዝ ልብስ ይበቃል። ዋናው መደረቢያው ነው። ትከሻና ወገብ ላይ በመርፌ ቁልፍ አስይዙት፣ አለበለዚያ ከኋላችሁ ያለው ሰው ይረግጠዋል።

በወጉ ጋርባ በባዶ እግር ነው። ሜዳ ላይ በስኒከር የሚጨፍር ሞልቷል፤ መሀል ላይ ማሰሮ ወይም ምስል ካለ ግን ሰው ምን እንዳደረገ አይታችሁ ጫማ አውልቁ።

ማታው ሲደርስ

ሰላምታው "ጃይ ማታ ጂ" ወይም "ጃይ አምቤ" ነው፤ አምላኳን የሚያወድስ ነው። ያ ለእምነታችሁ ካልመቸ "ኬም ቾ?" በሉ፣ እንደምን ናችሁ ነው። ሰውን በስሙ ብቻ አትጥሩ። ከወንድ ስም ቀጥሎ "ባይ"፣ ከሴት ስም ቀጥሎ "ቤን" ይጨመራል፤ ወንድም እና እህት ማለት ነው። ይህችን ብቻ የሚያውቅ እንግዳ ወዲያው ቤተሰብ ይሆናል።

ክቡ ውስጥ ስትገቡ ክፍተት እስኪመጣ ጠብቁ፣ እየተራመዳችሁ ግቡ። ስትወጡም እንደዚሁ፣ ወደ ውጪ እያደላችሁ ሳትቆሙ። የጫማ ማሰሪያ ቢፈታ፣ ስልክ ቢጠራ፣ መጀመሪያ ውጡ። ምሽቱ በዝግታ ይጀምርና እየፈጠነ ይሄዳል። ምቱ ከእናንተ ሲያልፍ በሦስቱ ጭብጨባ ቀጥሉ፣ ስልት አትቀይሩ። ማንም አያይባችሁም።

ስለ እጅ ደግሞ በደንብ ልናገር። ጋርባ ላይ ወንድና ሴት አይተቃቀፉም። ጉጃራት ውስጥ ፓቫጋድ የሚባል ተራራ አለ፣ አናቱ ላይ ከእናት አምላኳ መልኮች አንዷ የሆነችው የካሊ መቅደስ። ከግርጌው ቻምፓኔር የምትባል ከተማ ነበረች፤ ሱልጣን ማህሙድ ቤጋዳ እ.ኤ.አ. በ1484 ያዛት። ሕዝቡ ግን የከተማዋን ውድቀት በሌላ መንገድ ይተርከዋል። አምላኳ በናቭራትሪ ሌሊት ሴት መስላ ወርዳ ከሴቶቹ ጋር ስትጨፍር፣ ፓታይ የሚባለው ንጉሥ በውበቷ ተማርኮ የልብሷን ጫፍ ያዘ። ረገመችው። ከተማዋም ጠፋች። ይህን ተረት እየሰማ ባደገ ሰው መሀል የሴት ልብስ መጎተት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ገምቱ።

ምግብን በተመለከተ፣ ዘጠኙን ቀን የሚጾሙ ብዙ ናቸው። እህል፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ይቀራል፤ ድንች፣ ፍራፍሬ፣ ወተት እና ሳጎ የሚባል ከካሳቫ ስታርች የሚሠራ ትንንሽ እንክብል ይበላል። ሥጋና መጠጥ ይዞ መምጣት ከቶ አይታሰብም። ጉጃራት ራሷ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አልኮል የተከለከለባት ክልል ናት። ውሃ ግን በደንብ ጠጡ። ከመሄዳችሁ በፊት ቀለል ያለ ነገር ብሉ፤ ጭፈራው እስከ እኩለ ሌሊት ሊሄድ ይችላል። በነጋታው የሚያማችሁ ባት ነው፣ ማታውኑ ወደ ቤት ስትመለሱ አፍታቱት።

በአሥረኛው ቀን፣ በዱሴራ፣ ጾሙ ያበቃል። ያን ጠዋት ጉጃራቶች ፋፍዳና ጃሌቢ ይበላሉ። ፋፍዳ ከሽንብራ ዱቄት የሚጠበስ ጨው ያለው ረዥም ቂጣ መሳይ ነው፣ ጃሌቢ ደግሞ ስኳር የጠጣ የተጠበሰ ሊጥ። ከጋባዣችሁ ቤት ካልተጠራችሁ ከሱቅ ገዝታችሁ እናንተ ውሰዱላቸው።

ዘጠኙ ሌሊት በሥራ ፈረቃ ምክንያት ያመለጣችሁ ካላችሁ ስለ ሻራድ ፑርኒማ ጠይቁ። ከዱሴራ አምስት ቀን ገደማ በኋላ ያለችው የሙሉ ጨረቃ ሌሊት ናት። በብዙ ቦታ ያን ሌሊት አንድ ጊዜ ደግሞ ጋርባ ይጨፈራል፣ ከተጠፈጠፈ ሩዝ ጋር ቀዝቃዛ ወተት ይጠጣል። ሰውም ከዘጠኙ ምሽቶች ያንሳል፤ ለጀማሪ እግር ቦታ ሰፊ ነው።